ጳጉሜ የሌለበት መዝገብ

ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር ላፕቶፕ ይሠራ ነበር። ዕድሜው ስምንት ዓመት ነው። ባትሪው ከአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በላይ አይቆይም። ሲበራ አርባ ሰከንድ ይፈጅበታል። ከዚህ በቀር እንከን አልነበረበትም። በውስጡ ያለው ዋና ነገር አንድ መዝገብ ነው። መዝገቡ ከሰኔ 1 ቀን 2017 እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2018 በጣና ዳር፣ በአንድ የዓሣ ማውረጃ ላይ የተለኩ 4,106 ነጭ ዓሦችን ይዟል። እያንዳንዱ ዓሣ የራሱ መስመር አለው፤ የተያዘበት ቀን፣ ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ በግራም፣ እንቁላል መያዝ አለመያዙ። የዚሁ መዝገብ ቅጂ በአንዲት ሰማያዊ ፍላሽ ላይ ነበር። ላፕቶፑም ፍላሿም በማኅበሩ ጸሐፊ በሙኒር ቦርሳ ውስጥ ነበሩ።

ይህን ሁሉ አስቀድሜ የምዘረዝረው በምክንያት ነው። አንድ ነገር ከተበላሸ በኋላ «ድሮም ደህና አልነበረም» የሚል ሰው አይጠፋም። ደህና ነበር።

መዝገቡ ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላሉን ለመጣል ከሐይቁ ወደ ወንዞቹ ይወጣል። በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ጠዋት ብዙ ይይዛል፤ የሚይዘው ግን ገና ያልተወለደውንም ጭምር ነው። ስለዚህ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት የወንዙን አፍ ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30 ለመዝጋት አሰበ። አርባ አንድ ጀልባ ያሉት ማኅበር መዝጋቱን አልተቃወመም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሐጂ አንዋር፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ለጽሕፈት ቤቱ ሰዎች እንዲህ አሏቸው፦ «እንቁላል የያዘችውን ማጥመድ እኛንም ነው የሚጎዳ። የኛ ጥያቄ ስለ ቀኑ ነው። ዓሣው የሚወጣ ከነሐሴ መግቢያ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው። ሌላውን ጊዜ ለምን ቁጭ እንላለን?» መልሱ አጭር ነበር፦ በቃል አይሆንም፣ በቁጥር አሳዩን።

እኔ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ባለ አንድ ላቦራቶሪ የውኃና የዓሣ ልኬት የምሠራ ቴክኒሽያን ነኝ። ላቦራቶሪው የማይጠቀምበትን ያንን ላፕቶፕ፣ አንድ መለኪያ ሰሌዳ፣ አንድ ሚዛንና ያችን ፍላሽ አሰጠኋቸው። ልኬቱን ለሐጂ አንዋር ልጅ ለዘሊካ አስተማርኋት። ዘሊካ አሥረኛ ክፍል ድረስ የተማረች፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሆናት፣ ዓሣ በመሸጥ የምትተዳደር ሴት ናት። አምስት ወር ከአንድ ሳምንት ያህል፣ ጾም ሆነ ዝናብ ሳትል፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ማውረጃው ላይ ትገኝ ነበር። ከደቅ ደሴት የሚመጡት አስጋሪዎች ይቀልዱባት ነበር።

«ዘሊካ፣ ዛሬስ ለዓሣው ሱሪ ነው ጃኬት የምትሰፊለት?»

«ዓሣውማ ቅርፊት አለው» ትላቸዋለች ከሰሌዳው ቀና ሳትል። «ልብስ የሚያስፈልግህ አንተ ነህ።»

የምትለካውን በእርሳስ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ ታስገባለች። ጥቅምት ሲያልቅ ወረቀቱ አንድ ካርቶን ሞላ። «ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ይኸ ምን ይሠራል?» አለ ሙኒር። እውነትም ምን ይሠራል ተባለና ወረቀቱ ዳር ላይ የተጠበሰ ዓሣ ለሚሸጡት ሴቶች መጠቅለያ ሆነ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቀ።

ሙኒር የዘሊካ የአክስት ልጅ ነው። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ታማኝ፣ ፈጣን፣ ለማኅበሩ የሚሮጥ ሰው። ኮምፒውተር ከያዘ ገና አምስተኛ ወሩ ነበር። ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው ከሁሉም የበለጠ ለአደጋ የተጋለጠ ይመስለኛል፤ ምንም የማያውቀው ይፈራል፣ ብዙ የሚያውቀው ይጠነቀቃል፣ መሐል ላይ ያለው ግን ሁለቱንም አያደርግም።

እሑድ ኅዳር 14 ሙኒር ፔዳ ካለ አንድ ካፌ ተቀምጦ ስለ ላፕቶፑ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያነብ ነበር። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው፣ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚቆሙበት ዋናው ፕሮግራም ነው። ማኅበሩ የሚጠቀምበት በነጻ የሚታደል ዓይነት ሲሆን፣ ሁለት እትም አለው። አንደኛው ተፈትኖ ያለቀ ነው። ሁለተኛው ገና በመሠራት ላይ ያለ፣ ሠሪዎቹ በየቀኑ የሚነካኩት የሙከራ እትም ነው። ሙኒር የሙከራውን እትም ገጽ ሲያይ ሁለት ነገር ዓይኑን ሳበው፦ ትእዛዞቹ በአማርኛ ናቸው፣ የቀን መቁጠሪያውም የኢትዮጵያ ነው። ከዚያው ገጽ ላይ በደማቅ ፊደል የተጻፈ ሦስተኛ ነገር ነበር፦ ይህ እትም ለፈታኞች ነው፤ ሥራ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ አይጫን፤ ጉድለት ያየ ያሳውቅ። ሙኒር ይህንንም እንዳነበበ ኋላ ነግሮኛል። አንብቦ አልፎታል።

ለመጫን ፍላሽ ያስፈልጋል። የነበረው አንድ ፍላሽ ነው። «በፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ልቀጥል?» የሚል ጥያቄ መጣ። ዋናው መዝገብ ላፕቶፑ ላይ አለ ብሎ «አዎ» ብሎ ተጫነ። በዚያች ቅጽበት የመዝገቡ ቅጂ ከሁለት ወደ አንድ ወረደ። የቀረው አንዱ ደግሞ ገና እየተሠራ ባለ ነገር ላይ ተቀመጠ።

ረቡዕ ኅዳር 17 እዚያው ፔዳ ሻይ ቤት አገኘኝ።

«ጋሽ ምናሴ፣ ይችን ይዩልኝ» አለና ላፕቶፑን አዞረልኝ። ከላይ በጥሩ ፊደል «ረቡዕ፣ ኅዳር 17» ይላል። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በኮምፒውተር ላይ ቀን የምጽፈው በልቤ እየመነዘርሁ ነው።

«ይኸ ግን የተረጋጋው፣ ተፈትኖ ያለቀው እትም አይደለም» አልሁት።

«የተረጋጋው የዛሬ ሁለት ዓመት የተሠራ ነው። ይኸ በየቀኑ ይታደሳል። ትናንት ብቻ መቶ ሰባ ማሻሻያ ነው የገባልኝ።»

«በአንድ ቀን መቶ ሰባ ቦታ የሚቀየር ነገር ላይ ነው የማኅበሩን ሥራ የምታስቀምጥ?»

«አዲሱ እያለ አሮጌውን ማን ይይዛል፣ ጋሼ? እርስዎማ ስልክዎም በቁልፍ የሚመታ ነው፤ ምን ልበልዎ።»

ቀን መቁጠሪያውን ከወር ወር እያገላበጠ ያሳየኝ ጀመር። ሐምሌ አለ። ነሐሴ አለ። ከነሐሴ 30 ቀጥሎ መስከረም 1 መጣ። ወደ ኋላ መለሰው፤ እንደገና መስከረም 1። ሠሪዎቹ እንደ ሌላው ዓለም አሥራ ሁለት ወር ቆጥረው አቁመዋል።

«ጳጉሜን በሏት» አልሁ።

«ይብሏት። ደሞዝ የማይከፈልባት ወር ናት።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከላፕቶፑ ገጽ ጥግ ላይ «ጉድለት ካዩ ይንገሩን» የሚል ቁልፍ ነበር። በጣቴ አሳየሁትና «ንገራቸው እንጂ» አልሁት።

«በእኔ እንግሊዝኛ? ሊስቁብኝ? ይተዉት፣ ሌላ ሰው ይነግራቸዋል።»

እኔም ተውሁት። ያ «ሌላ ሰው» ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የመዝገቡ ቅጂ የት እንዳለ አልጠየቅሁም። ሥራዬ መጠየቅ ሆኖ ሳለ ሻዬን ጨርሼ ሄድሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማወቅ ሙኒርን ሦስት ጊዜ በዝርዝር አስነግሬዋለሁ፤ ሦስቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ነው የነገረኝ።

ሐሙስ ታኅሣሥ 2 ቀን ለታኅሣሥ 16ቱ ስብሰባ ሊያዘጋጅ መዝገቡን ከፈተ። ፕሮግራሙ «ቀኖቹን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ልለውጥ?» ሲል ጠየቀው። ቀኖቹ ድሮም የኢትዮጵያ ነበሩ፤ ዘሊካ እንደ ተራ ጽሑፍ ነበር የጻፈቻቸው። ሙኒር ግን ተስማማ። ወዲያው መስመሮቹ በየወራቸው ተደረደሩ፤ አማረበት። ከታች ግን 318 መስመሮች ቀን አጥተው ቀሩ። በቀኑ ቦታ በቀይ «የማይታወቅ ቀን» የሚል ብቻ ይነበባል። የየትኛው ቀን እንደሆኑ የሚያሳይ ምንም አልተረፈም።

ሙኒር እነዚህን 318 መስመሮች አይቶ ያሰበው፣ ዘሊካ ቀኑን ስታስገባ ተሳስታለች ብሎ ነው። ደውሎ ቢጠይቃት ጉዳዩ በደቂቃ ያልቅ ነበር፤ እሷ ከእያንዳንዱ ወር ስንት ዓሣ እንደለካች በቃሏ ታውቃለች። አልጠየቃትም። ታላቁ ናት፤ አምስት ወር ሙሉ እጇ በውኃ ተላልጦ የሠራችውን «ተሳስተሻል» ማለት ነውር መሰለው። በቀይ የተጻፈ ነገር ይዞ ጽሕፈት ቤት መቅረብም አሳፈረው። ስለዚህ ለእሷ ሲል፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ 318ቱን መስመሮች ሰረዛቸው። አስቀመጠ። ዘጋ።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ሠንጠረዡን አሳትሞ ወደ ጀልባ መሥሪያው መጣ። ሐጂ አንዋር ነበሩ፣ እኔም ነበርሁ። ዘሊካ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ በጣቷ መስመር በመስመር ትወርዳለች። ከሐምሌ ጀምሮ እንቁላል የያዙት ከመቶ ስንት እንደሆኑ በየአምስት ቀኑ ተሰልቷል፤ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወጣል። ነሐሴ 30 ላይ ጣቷ ቆመ። ቀጣዩን ገጽ አየች። ተመለሰች።

«ሙኒሬ፣ ጳጉሜን የት ወሰድኸው?»

«የቱን?»

«ጳጉሜን ነዋ። ፀሐይ በወጣች ቁጥር ከዝናቡ ጋር እየተሻማን፣ ከሁሉ የሚበዛውን ዓሣ የለካሁት በጳጉሜ ነው። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሰባ አንድ ዓሣ ነው። የት አለ?»

ነገሩ ለሙኒር ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁ፤ ሻይ ቤት የሳቅነውም በዚያው ሰዓት ትዝ አለኝ።

«ቀን የሌላቸው መስመሮች ነበሩ» አለ። «ያንቺ ስህተት መስሎኝ…»

«እሺ?»

«እንዳላሳፍርሽ ብዬ ሰረዝኋቸው።»

ዘሊካ ወረቀቱን ቀስ ብላ አጠፈችው። «ብታሳፍረኝ ይሻል ነበር» አለች።

ሐጂ አንዋር ቅጂው የት እንዳለ ጠየቁ። ሙኒር ሰማያዊዋን ፍላሽ ከኪሱ አወጣ፤ በእሷ ላይ ያለው አዲሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ብቻ ነበር። ስለ ወረቀቱ የጠየቀ የለም። ዘሊካ ራሷ ናት ያነሳችው፦ «ልኬቴን ከነዘይቱ ባሕር ዳር በልታዋለች።»

ቀጥሎ ያሉት ሁለት ቀናት በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሁሉ አድካሚዎቹ ናቸው። እሑድ ጠዋት ሙኒር፣ ምናልባት ሠሪዎቹ ጉድለቱን አርመውት ከሆነ መስመሮቹ ይመለሳሉ ብሎ፣ የመጡትን ማሻሻያዎች ሁሉ አስገባ። 212 ነበሩ። የሚመለስ ነገር እንደሌለ የማያውቀው ጀማሪ ስለሆነ ነው፤ የተሰረዘ መስመር በማሻሻያ አይመለስም። ላፕቶፑ ጠፍቶ በራ፤ ከዚያም በጥቁር መስኮት ላይ አንዲት ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ ብቻ ቀረች። አምስት ጊዜ አጠፋን፣ አምስት ጊዜ አበራን። ሙኒር በኢንተርኔት ያገኘውን ትእዛዝ አንድ በአንድ ይጽፋል፤ ትርጉሙን ስጠይቀው አያውቀውም። ስድስተኛው ላይ እጁን ያዝሁት።

ዲስኩን አውጥቼ ከላቦራቶሪው ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። መዝገቡ አለ፤ 3,788 መስመሮች። ከተሰረዘ በኋላ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ የተሰረዘው የነበረበት ቦታ በአዲሱ ተሸፍኗል። የቆየ ቅጂ ፈለግሁ፤ የለም። ዘሊካ ስልኳን አመጣች። ከሃምሳ ሴንቲ ሜትር በላይ የሆኑትን ዓሦች ለማስታወሻ ሰሌዳው ላይ እያጋደመች ታነሳቸው ኖሯል። ፎቶው ቀን አለው፤ የሰሌዳው ቁጥርም ይነበባል። ከጳጉሜ የተገኙት ሃያ ሦስት ናቸው። ከ318 ዓሦች 23ቱን መለስን።

ሰኞ ታኅሣሥ 13 ሙኒር ወደ ሐጂ አንዋር ሄደ፤ እኔም አብሬው ሄድሁ። ሽማግሌው አዲስ የተሠራች የእንጨት ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ጀልባዋ ከዳር ሁለት ክንድ ያህል ርቃ በገመድ ታስራለች። የእሳቸው አሠራር ነው፦ አዲስ ጀልባ ሰው ሳይጫንባት ሦስት ቀን ባዶዋን ውኃ ላይ ትውላለች። እሳቸው ብቻ ከሰል ይዘው ውስጧ ይቀመጣሉ።

«አጎቴ፣ ጸሐፊነቱን ልልቀቅ» አለ ሙኒር። «ግን ይወቁልኝ፤ ስህተቱ የፕሮግራሙ ነው። አሥራ ሦስተኛውን ወር የረሱት እነሱ ናቸው።»

«ረስተውት ይሆናል። ሠሪ ይረሳል። እኔም ስንት ቀዳዳ ረስቻለሁ።» ጎንበስ ብለው ከሳንቃዎቹ መጋጠሚያ ላይ በከሰል አንድ ምልክት አደረጉ። «ግን አንተ ልጅ ሆነህ ከእኔ ጋር እዚህ ውስጥ ተቀምጠህ አድገሃል። እስቲ ንገረኝ፣ በመጀመሪያው ቀን ሰው እጭንባታለሁ?»

«አይጭኑም።»

«ለምን?»

«ውኃ የምታስገባበት ገና ስላልታወቀ።»

«ታዲያ እኔ እዚህ ለምን እቀመጣለሁ? ለሽርሽር ነው?»

«ቀዳዳውን አይተው ምልክት ሊያደርጉ።»

«እነዚያ ሰዎችም ጀልባዋን ውኃ ላይ አስረው ‹ገና ናት፣ ገብታችሁ የምታስገባበትን አሳዩን› ብለው ጽፈዋል አሉኝ። ምናሴ ነግሮኛል። አንተ ምን አደረግህ? የአርባ አንድ ጀልባ ሰው ከነመረቡ ጫንህባት። እሺ፣ ይሁን፣ አላወቅህም። በአራተኛው ቀን ግን ውኃው እግርህ ሥር ሲገባ አየኸው። ከሰሉ እጅህ ላይ ነበር። ምልክት አላደረግህም። ሳቅህ።»

ወደ እኔም ዞሩ። «አንተም ሳቅህ አሉ።»

«አዎ፣ ሐጂ። ሳቅሁ።»

«ሌላ ሰው የሚነግራቸው መስሎኝ ነው» አለ ሙኒር።

«ማን? ጳጉሜን የሚኖራት ከኛ ሌላ ማን አለና? ያ ሰው ፈረንጅ ነው?»

ሙኒር ውኃው ዳር ተቀመጠ። ቀጥሎ የተናገረው ስለ መልቀቅ አልነበረም። «ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ። ሐሙስ ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ ፊት የሰረዝሁት እኔ መሆኔን ራሴ እናገራለሁ።»

ከሰዓት በኋላ በላቦራቶሪው ኮምፒውተር ጻፈው። እንግሊዝኛውን እኔ አልነካሁም። ስምንት መስመር ነው፦ የትኛው እትም፣ ምን እንደከፈተ፣ ምን እንደተጫነ፣ ምን ይጠብቅ እንደነበር፣ ምን እንዳገኘ። ዘሊካ ከኋላው ቆማ ትመለከታለች። «ስድስት ቀን የምትሆንበት ዓመት እንዳለም ጻፍላቸው» አለችው። «አለዚያ አምስቱን መልሰው ስድስተኛዋን ይበሏታል።» ጻፈው። መልስ የመጣው በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። ማንም አልሳቀበትም። አመሰገኑት፤ ስለ ስድስተኛዋ ቀን ደግሞ እንደማያውቁ ነግረው ሁለት ጥያቄ ጠየቁት።

ሐሙስ ታኅሣሥ 16 ስብሰባው ተደረገ። ከጽሕፈት ቤቱ በኩል ጉዳዩን የያዙት ባለሙያ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ሠንጠረዡን በጥንቃቄ አዩት። እንዳዩትም ቀዳዳው ላይ ደረሱ።

«እስከ ነሐሴ 30 እየወጣ ነው። መስከረም 1 ላይ ወርዶ አገኘዋለሁ። መውረድ የጀመረው መቼ ነው? ይህን የሚነግሩኝ አምስት ቀናት የሉም።»

ሙኒር ተነሣ። ምን እንደጫነ፣ ምን እንደሰረዘ፣ ዘሊካ አንድም ቀን እንዳልተሳሳተች በዝርዝር ተናገረ። የፎቶዎቹን 23 ዓሦች አቀረበ። ወይዘሮዋ እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«እውነቱን ስለነገርኸኝ አመሰግናለሁ» አሉ። «ግን አስቸጋሪ ቦታ ላይ ነው የጣልኸኝ። 318 መስመር ቀኑ ትክክል አይደለም ተብሎ ያለ ጥያቄ ከተሰረዘ፣ የቀሩትን 3,788 በምን ልመን? እኔ አምናችኋለሁ እንበል፤ ከእኔ በላይ ላሉት ምን ብዬ ልጻፍ?»

ዘሊካ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ አድርጋ መሬት መሬት ታይ ነበር። ያን ሁሉ ጠዋት የለካችው ለዚህች ሰዓት ነው።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየማኅበሩ፣ በየሱቁ አንድ ኮምፒውተርና እሱን «ያውቃል» የሚባል አንድ ሰው ያላችሁ ሁሉ፣ እኔ አዲስ ነገር አትሞክሩ አልልም። የሚሞክር ሰው ባይኖር ጳጉሜ ከኮምፒውተር ውስጥ እንደጠፋች ትቀር ነበር። ነገር ግን ያላለቀ እትም የምትሞክሩ ከሆነ የሰው ሥራ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ይሁን። ቅጂውን ከዋናው ጋር በአንድ ቦርሳ አትያዙ፤ ቅጂ ያለበትንም ፍላሽ ለሌላ ጉዳይ አትጥረጉ። ወረቀቱን አትጣሉ። ኮምፒውተሩ አንድን ሰው ተሳስቷል ቢላችሁ ሰውየውን ጠይቁት፤ ማፈር ካለ ጠይቆ ማፈር ይሻላል። ከሁሉም በላይ ጉድለት ስታዩ ለሚያርመው ሰው ንገሩ። የሙከራ እትም የሚጭን ሰው ፈታኝ ለመሆን ተስማምቷል፤ አይቶ ዝም የሚል ፈታኝ ሥራውን አልሠራም። እኔም አልሠራሁም።

ላፕቶፑ አሁን ተፈትኖ ባለቀው እትም ይሠራል። ዘሊካ ለዘንድሮው ልኬት ደረቅ ካርቶንና የራሷን ፍላሽ ይዛለች፤ ሙኒር የሙከራውን እትም በሌላ፣ ባዶ በሆነ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሞክራል፤ እስካሁን አራት ጉድለት አሳውቋል። የጳጉሜው እርማት የደረሰው ታኅሣሥ 22 ነው፤ ሙኒር በጻፈ በዘጠነኛው ቀን። ሻይ ቤት በሳቅንበት በኅዳር 17 ተጽፎ ቢሆንና ያንኑ ያህል ቢፈጅ ኖሮ ኅዳር 26 ይደርስ ነበር፤ መስመሮቹ ከመሰረዛቸው ስድስት ቀን በፊት ማለት ነው።

ውሳኔው በጥር ወር በጽሑፍ ተሰጠ። ማኅበሩ የወንዙ አፍ ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 15 እንዲዘጋ ነበር የጠየቀው፤ ይኸውም ሃምሳ ቀን ነው። የተወሰነው ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30፣ ዘጠና አምስት ቀን ነው።